ደኔ በአንድ ወር ደረቀብኝ፣ ነገ ጠዋት አማካሪዬ ጋ ልቀርብ ነው

ጭንቅ_ላይ_ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ፍጠኑልኝ። ውጭ አገር ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ ማስተርስ ላይ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት። የመመረቂያ ጽሑፌ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ አንድ ደን በፈረንጆቹ ከ2018 እስከ 2024 እንዴት እንደተለወጠ በሳተላይት ምስል ማሳየት ነው። ዛሬ ማታ ግራፉን ስስለው 2022 መጀመሪያ ላይ ኤንዲቪአዩ (የዕፅዋትን አረንጓዴነት የሚለካው ቁጥር) ገደል ገባ! ከ0.7 አካባቢ ወደ 0.45 ወርዶ እዚያው ቀረ። ስለ ጭፍጨፋ የሚያወራ ምንጭ ፈልጌ አጣሁ። ደኑ ተጨፍጭፏል ብዬ ልጻፍ ወይስ ምን ልበል? ነገ ጠዋት ነው የምቀርበው።

ደመና_ገላጩ፦
ደመና ነው። ማስክ አድርግ።

ጋሼ_ካርታ፦
ወንድሜ፣ ቅር እንዳትሰኝብኝ። ማስተርስ ላይ አማካሪ ዳኛ አይደለም። ያልገባህን ይዘህ ብትገባ የሚቀነስብህ ነገር የለም፣ ያልገባህን እንደገባህ አድርገህ ስትጽፍ ነው ጉዱ የሚፈላው። ሰው አገር ስንማር እንዳይንቁን ብለን ችግራችንን አፍነን እንይዝና በመጨረሻዋ ሌሊት እንጮኻለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ላብ ውስጥ አጠገብህ የሚቀመጥ የፒኤችዲ ተማሪ አይጠፋም። ከሁለት ሳምንት በፊት ብታሳየው ኖሮ ዛሬ ተኝተህ ነበር።

ጭንቅ_ላይ_ነኝ፦
ጋሼ፣ እህትዎ ነኝ። ምክሩን ተቀብያለሁ። ግን ግራፉን የሳልኩት ዛሬ ነው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ምን ላሳየው? ደመናውን ደግሞ መጀመሪያውኑ አውጥቼዋለሁ።

ቅጠል_በጣሽ፦
ዛፎቹ ተሰብስበው በአንድ ቀን እንድረቅ ብለው ወስነው ነዋ። ቃለ ጉባኤውን አባሪ አድርጊው።

ተጠራጣሪው፦
ቆይ ቆይ። ኤንዲቪአይ ወረደ ማለት ደን ተቆረጠ ማለት ነው ያለሽ ማነው? ጥያቄሽ ራሱ ተጣሟል። ደን ሲቆረጥ እዚህ ጋ ይመነጠራል፣ እዚያ ጋ ይቀራል፣ ጠርዝ አለው። ድርቅ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ትንሽም ቢሆን ይነሳል። ያንቺ ወርዶ ዝም አለ። ከ2022 በፊትና በኋላ ያሉ ሁለት ምስሎችን ጎን ለጎን ክፈቺ። ሁሉም ፒክስል አንድ ላይ ከተንቀሳቀሰ መጥረቢያ አይደለም፣ ቁጥሩ ነው።

ጭንቅ_ላይ_ነኝ፦
አሁን ከፈትኩት። ሁሉም ተለውጧል። አጠገቡ ሐይቅ አለ፣ የሱ ኤንዲቪአይ ደግሞ ጭራሽ ወጥቷል። በፊት ከዜሮ በደንብ በታች ነበር፣ አሁን ወደ ዜሮ ተጠግቷል። አበድኩ።

ደመና_ገላጩ፦
ደመና ማስክ አድርጊ ብያለሁ። ቀጭን ደመና በዓይን አይታይም።

ባንድ_ስምንት፦
የየትኛው ሳተላይት ምስል እንደሆነ እንኳን አልነገርሽንም። ሴንቲኔል-2 ነው አይደል? አውርደሽ ነው ወይስ የጉግሉ ኧርዝ ኢንጂን ላይ፣ ሳታወርጂ?

ጭንቅ_ላይ_ነኝ፦
አዎ ሴንቲኔል-2፣ ሌቭል-2ኤ፣ የከባቢ አየር እርማት የተደረገለት። ግልጽ ነው ብዬ ነው ያልጻፍኩት። አውርጄ በፓይተን ነው የምሠራው።

ባንድ_ስምንት፦
እንግዲያው ደንሽ ደህና ነው፣ ተረጋጊ። የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ጀምሮ ፕሮሰሲንግ ቤዝላይን 04.00 የሚባለውን አዲስ የምስል አዘገጃጀት ሥሪት ሥራ ላይ አዋለ። ከዚያ ወዲህ በየባንዱ (ቀይ፣ ቅርብ ኢንፍራሬድ እያለ በሚለየው የብርሃን ዓይነት ሁሉ) ቁጥር ላይ 1000 ተጨምሮ ነው የሚመጣው። እንደ ውሃና ጥላ ያለ ጨለማ ቦታ ከከባቢ አየር እርማት በኋላ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ያ እንዳይቆረጥ ነው። የብርሃን ነጸብራቁን ለማግኘት በፊት ለ10000 ማካፈል ብቻ ይበቃ ነበር። አሁን መጀመሪያ 1000 ትቀንሻለሽ፣ ከዚያ ታካፍያለሽ።
ራስሽ አስቢው፣ ኤንዲቪአይ የቅርብ ኢንፍራሬዱና የቀዩ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ነው። ቅርብ ኢንፍራሬዱ 3000፣ ቀዩ 500 ቢሆን 2500 ለ3500 ሲካፈል 0.71 ነው። ሁለቱም ላይ 1000 ሲጨመር ልዩነቱ ያው 2500 ነው፣ ድምሩ ግን 5500 ይሆናል። 0.45! ያንቺው ቁጥር። ሐይቁም ወደ ዜሮ የተጠጋው በዚሁ ምክንያት ነው። ብቻ ዜሮ የሆነውን ፒክስል እንዳትነኪው፣ እሱ ዳታ የለም ማለት ነው።

ቅጠል_በጣሽ፦
ቃለ ጉባኤው ተገኘ።

ሌሊት_ኮደር፦
ኧርዝ ኢንጂን ላይ ሃርሞናይዝድ የሚለውን ስብስብ ብትጠቀሚ ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ይጠብቅሻል። ማውረዱ ምን አስፈለገ?

ባንድ_ስምንት፦
ለነገ ጠዋት ሁሉን ነገር ከዜሮ ጀምሪ ልትላት ነው? ኮዷ ላይ አንድ መስመር ትጨምር። ግን አንቺ፣ በቀን ለይተሽ እንዳትቀንሺ። የድሮ ምስሎችም በአዲሱ ቤዝላይን እንደገና እየተሠሩ ወጥተዋል፣ የ2019 ፋይል ላይም 1000ው ሊኖር ይችላል። የፋይሉ ስም ውስጥ ከኤን ቀጥሎ ያሉትን አራት አሃዞች እያነበብሽ፣ 0400 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቀንሺ። ኦፍሴቱ፣ ማለትም ይኸው 1000፣ ከምስሉ ጋር የሚመጣው የመረጃ ፋይል (ሜታዳታው) ላይም ተጽፏል።

ተጠራጣሪው፦
ካስተካከልሽ በኋላም ዝም ብለሽ አትመኚው። ሞዲስ የሚባለውን የናሳ ሳተላይት መሣሪያ የ16 ቀን ኤንዲቪአይ አውጪና አስተያዪ። ፒክስሉ 250 ሜትር ነው፣ ሻካራ ነው፣ ግን ይህ የ1000 ጣጣ የለበትም። እሱ 2022 ላይ ካልወረደ አማካሪሽ ፊት የምታስቀምጪው ማስረጃ አገኘሽ ማለት ነው።

ጭንቅ_ላይ_ነኝ፦
አንድ ምስል ሞከርኩ። 0.70!!! አሁን ሁሉንም እያስኬድኩት ነው፣ 300 ምናምን ፋይል ነው። እመለሳለሁ፣ ተባረኩ።

ደመና_ገላጩ፦
ማስክ ማድረጉንም እንዳትረሺ።

ጋሼ_ካርታ፦
እህቴ፣ እንዴት ሆነልሽ? አምስት ቀን ሆነው እኮ።

ጋሼ_ካርታ፦
ኧረ ድምፅሽን አሰሚን።

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ባለፈው ወር አስገብቼ ጨርሻለሁ። ምዕራፍ አራት ላይ 2022ን «የመራቆት መነሻ ዓመት» ብዬዋለሁ። ያወረድኩት ሴንቲኔል-2 ነው። ዝም ልበል?