የሸማኔው ፉገር ቤተሰብና የፉገራይ መንደር፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በስብሰባው እንደተስማማነው፣ የሙኒኩ ማኅበራችን ከአውግስቡርግ ወገኖቻችን ማኅበር ጋር የሚያቀርበው የፕሮፖዛል ረቂቅ ይኸውና። አንብቡት፤ የሚወጣውን አውጡ፤ የጎደለውን ጨምሩ። ለሁለቱ ጠቅላላ ጉባኤዎች ከመቅረቡ በፊት እዚሁ እንጨርሰው።

ሐሳቡ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ ፉገር ቤተሰብና ስለ ፉገራይ መንደር በአማርኛ አነስተኛ መጽሐፍ እናዘጋጅ። ሁለተኛ፣ መጽሐፉን ይዘን ከነልጆቻችን መንደሩን እንጎብኝ።

ለማታውቁት፣ ፉገራይ አውግስቡርግ መሀል ያለ በግንብ የታጠረ የችግረኞች መኖሪያ ነው። ያቋቋመው ያኮብ ፉገር የተባለ ነጋዴ ነው። ግንባታው በ1516 ተጀመረ፤ የመመሥረቻ ሰነዱ የተፈረመው በ1521 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1523 52 ቤቶች ቆመው ነበር። ዛሬ 67 ቤቶችና 140 መኖሪያዎች አሉት፤ 150 ያህል ሰው ይኖርበታል። የቤት ኪራዩ 88 የዩሮ ሳንቲም ነው። የወር እንዳይመስላችሁ፣ የዓመት ነው። መብራት፣ ውኃና ማሞቂያ ነዋሪው ይከፍላል።

እኔን የሳበኝ የያኮብ ሀብት አይደለም። ከ500 ዓመት በፊት የተጻፈ ደንብ እስከ ዛሬ ሰው ማኖሩ ነው። መጽሐፉ በዚህ ላይ እንዲያተኩር እፈልጋለሁ።

ሰብሳቢው፦

እናመሰግናለን እህታችን፤ ጥሩ ተደክሞበታል። እኔ ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ንጉሥ ቢኖር እላለሁ። በ1519 ካርል አምስተኛ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ እንዲመረጥ መራጮቹን ለማሳመን 850 ሺህ ጉልደን (የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ) ገደማ ወጥቷል። ከዚያ ውስጥ 544 ሺህ ያህሉን ያበደረው ያኮብ ነው። ልጆቻችን «ንጉሥ ያነገሠ ነጋዴ» ሲባል ጆሯቸውን ያቆማሉ። በዚያው ዘመን እኛ ጋ ዐፄ ልብነ ድንግል ነበሩ። ፉገራይ ሲገነባ በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አገራችን ገብተዋል። ይህን ብናስገባ ዘመኑን በደንብ ያስይዛቸዋል።

አባል (የሽሮ ሜዳ ልጅ)፦

ጋሼ፣ የልብነ ድንግል ነገር ይግባ፤ ደስ ይላል። ከንጉሥ መጀመሩን ግን አልደግፍም። ከሸማኔው እንጀምር።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ሲሸምን ነው ያደግኩት። «ቁጢት በጣሽ» መባል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ግን እኔም ትምህርት ቤት ደርሶኛል። ልጆቼ እዚህ ተወልደው የአያታቸውን ሥራ ሲጠየቁ አንገታቸውን እንዲደፉ አልፈልግም።

የፉገር ዘር መነሻው ሃንስ ፉገር ነው፤ ሸማኔ ነበር። በ1367 ግራበን ከምትባል መንደር ተነስቶ አውግስቡርግ ገባ። የከተማው የግብር መዝገብ ስሙን ጽፎ «መጣ» ይላል። ስደተኛ ማለት እኮ ነው። የዚያ ከተማ ሸማኔዎች ከተልባ እግር ክርና ከጥጥ ባርሸንት የሚባል ጨርቅ ይሠሩ ነበር፤ ጥጡ በቬኒስ በኩል ይመጣል። ሰውዬው ከሸማ ወደ ጨርቅ ንግድ አደገ። ያኮብ የልጅ ልጁ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ለሃንስ ስጡልኝ።

አባል (ከአውግስቡርግ)፦

እደግፋለሁ። ሴቶቹም አይረሱ። ሃንስ የከተማውን ዜግነት ያገኘው ክላራ ቪዶልፍ የምትባል የከተማዋን ልጅ አግብቶ ነው። ሁለተኛ ሚስቱ ኤልዛቤት የሸማኔዎች ማኅበር አለቃ ልጅ ነበረች። የያኮብ እናት ባርባራ ደግሞ ባሏ በ1469 ሲሞት ልጆቿን ይዛ ንግዱን ራሷ መርታለች። እሷ ባትኖር «ሀብታሙ ያኮብ» የሚባል ሰው አይኖርም ነበር። ባርባራ ራሷን የቻለ ምዕራፍ ይገባታል።

ገንዘብ ያዡ፦

እኔ በሂሳብ በኩል ልምጣ። ለማኅበራችን ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልርዘም፤ ታገሱኝ።

የፉገር ዘር ሁለት ቅርንጫፍ ነበረው። አንደኛው በአርማው ላይ ባለችው ሚዳቋ ይጠራል። የዚያ ቤት ሰው ሉካስ ፉገር በኋላ ንጉሠ ነገሥት ለሆነው ለማክሲሚሊያን አበደረ፤ ለብድሩ ዋስ የሆነችው ዛሬ ቤልጅየም ያለችው የሉቨን ከተማ ነበረች። ከተማዋ አልከፈለችም፤ ቤቱ ከሰረ። የያኮብ ቅርንጫፍ የአበባ አርማ ያለው ነው። እሱም ቢሆን ለነገሥታት ማበደሩን ቀጠለ፤ ንግዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተዘጋ። ፉገራይ ግን አልተዘጋም።

ለምን? ያኮብ ገንዘቡን ለድሆች አድሎ አልጨረሰም። ዋናውን ከንግዱ ለይቶ፣ በራሱና በሟች ወንድሞቹ በኡልሪኽና በጌኦርግ ስም የማይነካ አደረገው። ድሃው የሚረዳው ከዋናው ሳይሆን ከፍሬው ነው። ዛሬ የመንደሩ ዋና ገቢ ከ3 ሺህ ሄክታር በላይ ከሆነ ደን ይመጣል። እንጨቱ ይቆረጣል፣ ይሸጣል፣ ይተከላል። የጎብኚ መግቢያ ክፍያም ይጨመርበታል። ገንዘብ በጦርነትና በዋጋ ንረት ይቀልጣል፤ ደን ግን አመሉን ለሚያውቅ ሰው በየዓመቱ ያፈራል።

ኪራዩን እዩት። ያን ጊዜ አንድ የራይን ጉልደን ነበር፤ የአንድ የእጅ ሙያተኛ የሳምንት ደመወዝ ያህል። የሳምንት ደመወዝ ለዓመት ኪራይ! ስሌቱን ወደ ዘመኑ ገንዘብ ሲለውጡ 88 ሳንቲም ላይ ቆመ፤ ማንም ከፍ አላደረገውም። ሰነዱ አያስደርግማ።

እኛ የዕድር መዋጮ እየሰበሰብን፣ ሐዘን በደረሰ ቁጥር አውጥተን እየጨረስን ነው የኖርነው። ችግር ሲደራረብ ካዝናው ባዶ ይሆናል። መዋጮው ይቀጥል፤ ከሱ ጎን ግን የማይነካ ዋና ቢኖረን ምን ይመስላል? ፕሮፖዛሉ ላይ ይህ ጥያቄ ተጽፎ ይግባ። መጽሐፉ ላይም አንድ ገጽ ስጡኝ፤ እኔ እጽፈዋለሁ።

አባል (እናት፣ ከሙኒክ)፦

ጋሼ፣ ይህን ቀደም ብሎ ሰምተን ቢሆን። የእርስዎ ገጽ አይቀነስ።

የዕድሜ ባለጸጋ አባል፦

ልጆቼ፣ ጸሎቱን ዘላችሁታል። ነዋሪው ከኪራዩ ሌላ በየቀኑ አባታችን ሆይ፣ ሰላም ለኪ እና ጸሎተ ሃይማኖት ይደግማል፤ ለመሥራቹና ለቤተሰቡ ነፍስ። ፈረንጅ ጎብኚ ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። እኛን አይገርመንም። አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ጉልት ሲሰጡ ለነፍሳቸው መታሰቢያ ነበር፤ ድሃ በልቶ ይመርቃቸዋል፣ ካህን በጸሎት ያስባቸዋል። ያኮብም ያሰበው ይህንኑ ነው። ምጽዋቱ ጸሎት ይዞለት እንዲመለስ። ይህ ካልተጻፈ የሰውየው ልብ አይገባንም።

ወጣት አባል፦

አባቴ፣ እንዳሉት ይጻፍ። ግን ያኛውም ወገን ይጻፍ። እኔ ለትምህርቴ ስለዚህ ቤተሰብ ብዙ አንብቤያለሁ።

ማይንዝ ላይ ሊቀ ጳጳስ ለመሆን አልብሬኽት ከፉገር ተበደረ። ዕዳው እንዲከፈል የኃጢአት ስርየት ወረቀት በገበያ ተሸጠ፤ ከገቢው ግማሹ ለፉገር ሆነ። ሉተር በ1517 የተነሳው በዚህ ንግድ ላይ ነው። የከፋው ደግሞ አለ። የያኮብ ወራሽ የወንድሙ ልጅ አንቶን ነበር። በእሱ ዘመን፣ በ1548፣ የፉገር ቤት ለፖርቱጋል የናስ አምባር ለማቅረብ ውል ገባ። አምባሩ በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር። ሰውም በእሱ ይገዛ ነበር። ጥቁር ልጆቻችንን ይዘን ሄደን ስለ ደግነት ብቻ ብናወራላቸው፣ ነገ ራሳቸው አንብበው ይጠይቁናል።

ሰብሳቢው፦

ልጄ፣ ያነሳኸው ከባድ ነው። ግን ጉብኝቱ የቤተሰብ ቀን ነው። ትንንሾቹ ላይ አይከብድም?

አባል (እናት፣ ከሙኒክ)፦

እኔ ልመልስ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ትምህርት ቤት ስለ ባርነት ተምራ መጥታ ጠይቃኛለች። ከእኛ አፍ መስማቷ ይሻላል። ለትንንሾቹ በአጭሩ፣ ለትልልቆቹ በሙሉ ይነገር። አይሰረዝ።

ሌላ ነገር ላክል። ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው የምንሄደው። አሮጊት እናቶች በመስኮት ይታያሉ። ለጎብኚ የተከፈተ የማሳያ ቤት ስላለ እዚያ እንግባ። የነዋሪ በር ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ክልክል ይሁን፤ መጽሐፉ ላይ በደማቁ ይጻፍ። ችግረኛ ሲታይ መኖር ቀላል አይደለም። ያኮብ እንኳ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ መግቢያ በር ያለው ቤት የሠራው ክብሩ እንዲጠበቅ ይመስለኛል።

አባል (ከአውግስቡርግ)፦

ልክ ብለሻል እህቴ። በሮቹን ካነሳሽ፣ ለልጆች የሚሆን ነገር አለኝ። የደወል መጎተቻዎቹ ብረት ናቸው፤ ቅርጻቸው ይለያያል። የመንገድ መብራት ባልነበረበት ዘመን ሰው የራሱን በር በጨለማ በእጁ ዳስሶ ይለይ ነበር። ልጆቹ ቅርጾቹን በወረቀት ይሳሉ። የሰፈሩ መግቢያ ዛሬም ማታ በአራት ሰዓት ይዘጋል። ያመሸ ነዋሪ ለዘበኛው 50 ሳንቲም ይከፍላል፤ ከእኩለ ሌሊት ካለፈ አንድ ዩሮ።

ሌላ፣ ከነዋሪዎቹ አንዱ ፍራንዝ ሞዛርት የሚባል ግንበኛ ነበር። ከ1681 እስከ 1694 እዚያ ኖሯል። የታዋቂው ሙዚቀኛ የቮልፍጋንግ ሞዛርት ቅድመ አያት ነው። ሥራ የጎደለበት ባለ እጅ የተጠለለበት ቤት ምን እንዳወጣ ያሳያል።

ጦርነቱም አለ። በየካቲት 1944 በአየር ድብደባ መንደሩ አብዛኛው ፈረሰ። ነዋሪው በምሽግ ውስጥ ተርፏል። ቤተሰቡ ቀናት ሳይቆይ መልሶ ለመሥራት ወሰነ። ከተማው ገና እየጨሰ ነበር።

ጸሐፊዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ረቂቁን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፤ ተቃውሞ ካለ አሁን ይነገር።

«መጽሐፉ ከሸማኔው ሃንስ ይጀምራል፤ የሽሮ ሜዳው ወንድማችን ይጽፈዋል። የክላራ፣ የኤልዛቤትና የባርባራ ታሪክ ይከተላል። ያኮብ ከዚያ ይመጣል፤ ከነብድሩ፣ ከነስርየት ወረቀቱ ገንዘብና በወራሹ ዘመን ከነበረው የአምባር ንግድ ጋር። ይህን ክፍል ወጣቱ አባላችን ጽፎ አባታችን ያነቡታል። የጸሎቱን ክፍል አባታችን ይነግሩናል፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ማዕከሉ የ1521ዱ ሰነድ ነው፤ ማን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚከፍል፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ። የገንዘብ ያዡ ገጽ እዚህ ይገባል።»

መግቢያው ላይ አንድ ነገር ሳልሸፍን እጽፋለሁ፤ እዚያ ለመኖር የአውግስቡርግ ነዋሪ፣ ችግረኛና ካቶሊክ መሆን ያስፈልጋል። ከእኛ አብዛኛው አይገባም። ደንብ ሲጻፍ ማን ውስጥ፣ ማን ውጭ እንደሚቀር የሚወስነው ጸሐፊው ነው። የእኛን ስንጽፍ ይህን እናስብበት።

ሰብሳቢው፦

ከሸማኔው መጀመሩን ተቀብያለሁ። ልብነ ድንግልን በጎን በትንሽ ሳጥን አስገቡልኝ። የማይነካ ዋና የሚለው ጥያቄ በጠቅላላ ጉባኤው ራሱን የቻለ አጀንዳ ይሁን፤ ከጉብኝቱ ጋር አይቀላቀል።

ገንዘብ ያዡ፦

ተስማምቻለሁ። ለጉዞው የባየርን ቲኬት (የአንድ ቀን የባቡር ቲኬት) ይበቃናል፤ በአንዱ እስከ አምስት ሰው ይሄዳል። ቅዳሜ ከሆነ እንደ ሥራ ቀን ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት በፈረንጅ እስኪሆን መጠበቅ የለም። ልጆች ያሏችሁ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ላኩ፤ አምስት አምስት አድርጌ እመድባለሁ። የኅትመቱን ዋጋ ከሁለት ማተሚያ ቤቶች ጠይቄ እዚሁ እጽፋለሁ።