አስቸኳይ፦ ለተመስጦ ስቀመጥ ራሴን ያዞረኛል

የኮዬዋ (ከምሽቱ 2፡10)
ሰላም ለዚህ ቤት። ቶሎ ያየ ይመልስልኝ እባካችሁ። ለተመስጦ ቁጭ ብዬ በረጅሙ መተንፈስ ስጀምር ከንፈሬና የጣቶቼ ጫፍ ይነዝረኛል፣ ራሴን ያዞረኛል፣ ግንባሬን ወጥሮ ይይዘኛል። አሁንም እንደዛ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን ማታ ማታ ነው የጀመረኝ፣ ጠዋት ስሠራ ደህና ነኝ። አተነፋፈሴ ነው አቀማመጤ? ወይስ ታግሼ ልለፈው? «ኃይል ሲነሳ እንደዛ ያደርጋል» የሚል አንብቤ ነበር።

ጭምት (2፡14)
አትታገሺ፣ አቋርጪው። የከንፈርና የጣት መንዘር አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ከመተንፈስ ነው። በኃይል ስትስቢና ስትለቂ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከደምሽ ጠርገሽ ታወጪዋለሽ። እሱ ሲያንስ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ማዞሩ ከዚያ ነው፤ ነርቮችም ያለ ልክ ስለሚነቁ ይነዝርሻል፣ ከባሰ ጣት እስከመኮማተር ይደርሳል። ስለዚህ አሁን የሚያስፈልግሽ ያነሰ አየር ነው። አፍሽን ዝጊ፣ በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ልቀቂ። ሆድሽ ይንቀሳቀስ፣ ትከሻሽ አይነሳ። ችግሩ ይሄ ብቻ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ይለቅሻል። «ፌስታል አፍሽ ላይ አድርገሽ ተንፍሺ» የሚል ከመጣ እንዳትሰሚ፤ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ከተገኘ ያለሽንም ኦክስጅን ያሳጥርሻል።

ዘበናይ (2፡15)
ኃይል ከተነሳማ ለሰፈሩም አካፍይን እንጂ። መብራት ከሄደ ስንት ሰዓቱ ነው!

አንባቢው (2፡19)
መቼም ዛሬ ሁሉም ሰው ከቪዲዮ ነው የሚጀምረው። ልጄ፣ ይሄ ነገር ሥርዓት አለው። የልብ ሐኪሙ ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ለሕዝብ ያቀረበው መንገድ አራት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ጸጥ ያለ ቦታ፣ የሚመች አቀማመጥ፣ በየትንፋሹ የሚደገም አንድ ቃል፣ ሐሳብ ሲመጣ ሳይጣሉ ወደ ቃሉ መመለስ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቃ። ጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በጀመረው የ8 ሳምንት የተመስጦ ሥልጠናም ትንፋሽን ማየት እንጂ ትንፋሽን ማስገደድ የለም። «በኃይል ሳቢ፣ በኃይል አውጪ» የሚሉት ሌላ ዓይነት ልምምድ ነው፤ አስተማሪ አጠገብሽ ሳይኖር አይነካም። ቡናም አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ወዲያው ዓይን መጨፈን ምን ይሉታል? ከጠጣሽው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት በኋላም ደምሽ ውስጥ ነው። ልብሽ እየመታ ምን ዓይነት መረጋጋት ትጠብቂያለሽ።

ባለመቁጠሪያዋ (2፡22)
እህቴ፣ እኔ ደግሞ ከመነሻው ለምን አስፈለገሽ ነው የምለው። አእምሮን ባዶ አድርጎ መቀመጥ የኛ አይደለም። የግብጽ በረሃ አባቶች ከመዝሙረ ዳዊት አንዲት አጭር ቃል ይዘው ቀን ከሌት ይደግሟት ነበር፤ የሚወደደው የ69ኛው መዝሙር (በሌላው አቆጣጠር የ70ኛው) መጀመሪያ ነበር። መቁጠሪያሽን ያዢና 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። ልብሽ ያርፋል፣ ማዞር የሚባል ነገርም የለም።

ሚሚ ዘሰንዳፋ (2፡24)
ወተት ጠጪ። ሎሚም አሽቺ።

ዮኒ (2፡25)
በ4 ሳቢ በ6 ልቀቂ። ይሠራል።

ጭምት (2፡26)
@ዮኒ ከላይ ያልኩትን እኮ ነው። @ባለመቁጠሪያዋ ባዶ ማድረግ ያለ የለም፣ ጠያቂዋም አላለችም። ግን ምክርሽ ከሰውነት አንጻርም ያስኬዳል። ጣሊያን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎትና የዮጋ ማንትራን (እየተደጋገመ የሚባል ቃል) አነጻጽሮ፣ ሁለቱም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 እንደሚያወርዱት አሳይቷል። ያ ማለት አንዱ ትንፋሽ 10 ሰከንድ ነው፤ የ4 እና የ6 ድምር።

ተረኛ (2፡29)
ቤት ውስጥ ከሰል አለ?

የኮዬዋ (2፡31)
አዎ፣ ለእጣኑ ነው። ቡና የተፈላበት ምድጃ ፍም ስለነበረው እዛው ላይ ጣል አደረግኩበት። ጭስ ግን የለውም፣ ከሰሉ በደንብ ቀልቷል። ነፋሱ ስለሚበርድ በሩም መስኮቱም ዝግ ነው፣ ስቱዲዮ ናት ቤቷ። ታናሽ እህቴም ራሴን አመመኝ ብላ ተኝታለች። አተነፋፈሱን እየሞከርኩ ነው፣ መንዘሩ ቀንሷል፣ ራስ ምታቱ ግን አለ።

ተረኛ (2፡32)
ተነሺ፣ አሁኑኑ። በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጊ፣ እህትሽን ቀስቅሺ፣ ተያይዛችሁ ውጡ። አልነቃ ካለች ወይም ንግግሯ ከተምታታ ጎረቤት ጥሪና ጎትታችሁ አውጧት፤ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ ደውሉ። ምድጃውን አውጥቼ ልመለስ አትበይ፣ ውኃም አትድፊበት። መጀመሪያ ሰው። መልስ እንኳ ሳትጽፊልን ውጪ።

ዘበናይ (2፡33)
ቀልዴን አንስቻለሁ። ውጪ በናትሽ።

የኮዬዋ (2፡39)
ወጥተናል። ደረጃው ላይ ነን። ተነስታለች ግን ጉልበቷ ዝሏል።

ተረኛ (2፡40)
ደረጃው ዝግ ከሆነ ወደ ግቢው ውረዱ። ካስመለሳት፣ ደረቷን ካመማት፣ ራሷን ስታ ከነበረ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ዛሬውኑ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም። እንደደረሳችሁ «ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» በዪ፣ አለበለዚያ ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ይመስላቸዋል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 97 ወይም 98 ቢያሳይም አትዘናጊ። መሣሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ (ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ) የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለየውም።

ሚሚ ዘሰንዳፋ (2፡44)
ወተት ይጠጡ ብያለሁ። የከሰል ጭስ መድኃኒቱ ወተት ነው፣ ማንም ያውቀዋል።

ተረኛ (2፡47)
@ሚሚ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ መርዙ ያለው ደም ውስጥ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ንጹሕ አየር ላይ ተቀምጦ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ጤና ተቋም በጭምብል ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ሎሚው ደግሞ ማቅለሽለሹን ሸፍኖ «ተሻለኝ» ያሰኝና ተመልሰው ይገባሉ። አደጋው እሱ ነው።

አንባቢው (2፡52)
ጭስ የለውም እያለች ነው እኮ። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን በከሰል ቡና ሲያፈሉ ኖረው የለ? እጣንስ ቢሆን?

ተረኛ (2፡58)
ጋሼ፣ የሚታየው ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለያያሉ። ሁለተኛው ቀለምም ሽታም የለውም፣ እንዲያውም የቀላው ፍም ነው ሳይታይ የሚለቀው። እጣኑ ደግሞ ቤቱን ጥሩ ጥሩ ስለሚያሸት ማንም አይጠረጥርም። እናቶች ያፈሉበት የጭቃ ቤት ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት ነበረው፣ በሩም ለጎረቤት ክፍት ነው። የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ኮንክሪት ነው፣ መስኮቱ ከተዘጋ አየር የሚገባበት የለም። ከፍታውም አለ። አዲስ አበባ ዙሪያ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ ተቀንሶ ምን ይተርፋል? እሷ ደግሞ በረጅሙ እየሳበች ነበር። ጠዋት ደህና የምትሆነው ጠዋት ምድጃ ስለሌለ ነው።

ጭምት (3፡01)
ለሌላው አንባቢም መለያው ይሄ ነው፦ ትንፋሽ ሲረጋጋ በደቂቃዎች የሚለቅ መንዘር የአተነፋፈስ ነው። ውጭ ሲወጡ እየቀለለ ቤት ሲገቡ የሚመለስ፣ አብሮ ያለውንም ሰው የያዘ ራስ ምታትና የጉልበት መዛል ግን የከሰል ነው። እሷ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው ያገኘቻቸው፤ እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር ያየሁት።

ዘበናይ (3፡04)
ኅዳር 12ን ጠብቃ ከሰፈሩ ጋር ውጭ ብታጥን ምን ነበረበት። @የኮዬዋ እንዴት ናችሁ? እህትሽስ?

ባለመቁጠሪያዋ (3፡10)
እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ማጠንት ግን ከነአካቴው ይቅር አትበሉ፣ ያለ እጣን ጸሎት እንዴት ይሆናል?

ተረኛ (3፡15)
አይቅር። በረንዳ ላይ ማጨሻው ውስጥ አጭሰሽ፣ ፍሙን ውጭ ትተሽ ግቢ፤ ሽታው በነጠላሽም ይከተልሻል። ወይም ሰንደል አንድ ፍሬ፣ መስኮት ተከፍቶ። ሰንደልም ጭስ ነው፣ አስም ያለበት ሰው ካለ እሱም ይቅር። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ መስኮት በስንዝር ተከፈተ ማለት ከሰል ይዞ ማደር ተፈቀደ ማለት አይደለም። ከተኙ በኋላ ራስ ምታት የሚቀሰቅሰው ሰው የለም።

ዮኒ (3፡22)
እኔ ማዞር የለብኝም፣ እግሬ ነው የሚደነዝዘው። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ሞተ ማለት ነው። ደሜ ቆሞ ይሆን?

አንባቢው (3፡29)
ለዚህ እንኳ እኔን ስሙኝ። ደም አይደለም የቆመው፣ ነርቭ ነው የተጫነው፤ ከጭንህ ሥር ወይም ከጉልበትህ ውጭ በኩል። ጋቢህን አራት እጥፍ አድርገህ ከመቀመጫህ ሥር አስገባ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ከፍ በል፣ ጉልበትህ ከዳሌህ ዝቅ እንዲል። ጫፉ ላይ ተቀመጥ፣ መሃሉ ላይ ከሆንክ ወገብህ ይጎብጣል። እግርህን አታነባብር፣ አንዱን ከሌላው ፊት ዘርጋው። ከደነዘዘም ዘርግተህ ቆይ፤ በደነዘዘ እግር ዘለህ ስትነሳ ነው ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው። ጉልበትህ አሁንም ካልወረደ መሬቱን ተወው፣ ዱካ ላይ ተቀመጥ።

ዮኒ (3፡33)
ዱካዬ አጭር ናት፣ ጉልበቴ ደረቴ ጋ ይደርሳል።

አንባቢው (3፡36)
እንግዲያው ወንበር። ጀርባህን አታስደግፍ፣ እግርህ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጥ፤ ካልደረሰልህ ከሥሩ አንድ ብሎኬት አግባበት።

ዘበናይ (3፡41)
ብሎኬት እንኳ ኮዬ ሞልቷል። @የኮዬዋ አለሽ?