ማህበር እንሁን፣ በቦርድ እንመራ ወይስ እድሩ ሥር እንቆይ?

አወያይ፦ ጥያቄው ይኸው። የሰፈራችንን ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የምንገዛበት ብር እስካሁን በሶስት ሰው ስም የጋራ ሂሳብ ውስጥ ነው። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ተበታትነናል። ሕጋዊ እንሁን? ከሆንንስ በምን መልክ?

የእድሩ ዳኛ፦ ምን አስቸኮለን? እድሩ ስንቱን ቀብሯል፣ ስንቱን አስተዛዝኗል፣ ማንም ፈቃድ ሳይሰጠው። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ራሱ እድርና እቁብን አይመለከትም። የልጆቹን ነገር እድሩ ሥር እናድርገውና ይብቃ።

ሂሳብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ያየሁትን ልናገር። አምና ከሶስቱ ፈራሚ አንዱ ውጭ አገር ሄዶ ቀረ። ሶስቱም ካልፈረሙ ብሩ አይወጣም። መስከረም ጠባ፣ ብሩ ባንክ ተቀምጧል፣ እኛ እጃችን ባዶ። አንዷ እናት ከልጇ አሮጌ ደብተሮች ያልተጻፈባቸውን ገጾች ገንጥላ፣ በክር ሰፍታ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ብሩ የሰው ሳይሆን የድርጅት መሆን አለበት፣ ለዚህ ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልገናል።

የአራት ኪሎዋ፦ ልክ ነሽ። ግን በቦርድ የሚመራ ይሁን። ለመመስረት ሁለት ሰው ይበቃዋል። ማህበር ከሆነ አምስት መስራች ይፈልጋል፣ ጠቅላላ ጉባኤም አለበት። ግማሹ ሰው ከተማው ጥግ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፣ ማን በሁለት ታክሲ መጥቶ ይሰበሰባል?

ሂሳብ ያዥ፦ እህቴ፣ አምስት ሰውማ አናጣም። በቦርድ ሲሆን የበላዩ ቦርዱ ነው። በየወሩ ከአፏ ቀንሳ መቶ ብር የምታዋጣዋ እናት ቦርዱ ቢያጠፋ ምን ታደርጋለች? ማህበር ላይ የመጨረሻው ሥልጣን የጉባኤው ነው፣ እሷም እጇን ታወጣለች። ስብሰባው በዓመት አንዴ ይሁን፣ እኔ የታክሲውን አዋጣለሁ።

የእድሩ ዳኛ፦ ኦዲቱስ? ሪፖርቱስ ልጄ? አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ አይለፍ የሚለውስ?

ሂሳብ ያዥ፦ ደሞዝተኛ የለንም፣ ምን ያሳልፈናል? ሪፖርቱን እኔ እጽፋለሁ። ኦዲቱ ያስወጣል፣ አልክድም። ግን እርስዎም ይንገሩኝ፣ እድሩ ነገ ቢፈርስ የልጆቹ ብር ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር ለአባላት ሊከፋፈል ነው? ማህበሩ ቢፈርስ ግን ንብረቱ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ ድርጅት ይሄዳል እንጂ ማንም ኪስ አይገባም።

የእድሩ ዳኛ፦ ይኼስ እውነት ነው። በሉ ደንቡን አርቅቁና አምጡት፣ አነበዋለሁ። የቀብሩን ብር ግን እንዳትነኩብኝ።