ላፕቶፔ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ፋይሎቼን ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዴት ላውጣ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ 8 ዓመት ሆኖታል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ለመነሳት ብቻ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። ፎልደር ስከፍት ያቺ ክብ ምልክት እየዞረች ትቀራለች፤ ከስር ደግሞ ቀጭ… ቀጭ… የሚል ድምፅ አለ። ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት ነው። የልጄ ፎቶዎችና የመመረቂያ ጽሑፌ ያሉት እዚያ ላይ ብቻ ነው። አዎ፣ ባክአፕ የለኝም፤ ስድቡን በኋላ። ሌላ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር አለኝ። ሁለቱን በዩኤስቢ ኬብል አገናኝቼ ሁሉንም ልገልብጥ? ወይስ መጀመሪያ ዲስኩን ላስጠግን? ዊንዶውሱ ራሱ ሲነሳ «ዲስኩን ልፈትሽ» እያለ ይጠይቀኛል።

ባለመፍቻው፦
አይዞሽ እህቴ። ግን መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፊው፤ ይህን የምታነቢው እሱ ላይ ሆነሽም ከሆነ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ብዙ ጊዜ የማንበቢያው ራስ የሚፈልገውን ቦታ አጥቶ ተመልሶ ሲሞክር ነው። የቀረው ዕድሜ በሰዓት የሚቆጠር ነው ብለሽ አስቢ። ያችን ሰዓት ጥገና ላይ አታጥፊያት፤ ፎቶዎቹን ማውጫ አድርጊያት። ስለዚህ ፍተሻውን እንቢ በይው። ያ ፍተሻ (ቼክዲስክ ይባላል) የፋይል ሲስተም፣ ማለትም የፋይሎቹን አቀማመጥ መዝገብ ስህተት ያርማል እንጂ የሚሞት ዲስክ አያድንም። ጭራሽ ዲስኩን ሲያስሮጠው ሊገድለው ይችላል።

ኬብሉንም እርሺው፤ ተራ የዩኤስቢ ኬብል ሁለት ኮምፒውተር አያገናኝም። ዲስኩን ፍቺና አውጪው። ባትሪውን ንቀዪ፣ የስር ክዳኑን ክፈቺ፤ 2.5 ኢንች የሆነች ጠፍጣፋ ሳጥን ታገኛለሽ። ከሳታ (የዲስኩ መሰኪያ ዓይነት) ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ላይ ሰክተሽ በደህናው ኮምፒውተር ክፈቺው። ለዚህ መጠን የዩኤስቢው ኃይል ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። በሃብ (የዩኤስቢ ማብዣ) በኩል ግን አትሰኪው፤ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ።

አሮጌ ዊንዶውስ፦
እኔ ድሮ በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬው ሠርቶልኛል። ሞክሪው።

የሌሊት ወፍ፦
ኧረ በፈጠረሽ እንዳትሰሚው! (ይቅርታ ወንድሜ።) ከቅዝቃዜ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። የማንበቢያው ራስ ፋይሎቹ ከተጻፉበት ሳህን በላይ የሚንሳፈፍበት ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። እዚያ መሀል የገባች ጠብታ ቋጥኝ ናት። በዚሁ ምክንያት ሳጥኗን ራሷንም እንዳትከፍቺ።

አንድ ልጨምር። ሙሉውን ዲስክ ምልክት አድርገሽ ኮፒ ፔስት አትበይ፤ አንድ የተበላሸ ፋይል ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል። መጀመሪያ ጽሑፍሽን፣ ቀጥሎ ፎቶዎቹን፣ ሌላውን ከተረፈ። ፕሮግራሞቹን ተያቸው፤ ተገልብጠው ብዙዎቹ አይሠሩም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን በትዕዛዝ የሚሠራ ፋይል መገልበጫ፣ ሮቦኮፒን ብትጠቀሚ ይሻላል። ግን የድጋሚ ሙከራውን ቁጥር 0 አድርጊው። ዝም ካልሽው አንድ ፋይል እምቢ ሲለው በየ30 ሰከንዱ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል። አስልቼዋለሁ፤ ለአንድ ፎቶ 347 ቀን ገደማ!

ጀማሪዋ፦
አዳፕተሩ ተገኘ፣ ዲስኩም ታየ! ግን ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው ክፍል ላይ «ለመጠቀም ፎርማት አድርግ» ይላል። በሌላኛው ደግሞ በስሜ ያለውን ፎልደር ስነካው ፈቃድ የለሽም ይለኛል። የገዛ ስሜን!

ባለመፍቻው፦
ፎርማቱን ሰርዢው። ምናልባት ያ ዊንዶውስ ለራሱ የሚያስቀምጠው ትንሽ ክፍል ነው፤ አንቺ እዚያ ጉዳይ የለሽም። ፈቃዱን በተመለከተ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ያንቺን የድሮ አካውንት ስለማያውቀው ነው። «ቀጥል» የሚለውን ተጫኚና ጠብቂ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ ከጠየቀሽ ግን ባለ 48 አሃዙ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ዝምተኛው፦
ካልተከፈተልሽ ሌላ መንገድ አለ፤ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሥርዓት) ላይ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም። መጀመሪያ ደህናውን ክፍል ይቀዳል፤ የታመመውን ዘሎ በኋላ ይመለስበታል። የደረሰበትንም በፋይል ስለሚመዘግብ ዲስኩ መሀል ላይ ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። የምትገለብጪበት ባዶ ዲስክ ቢያንስ የዚያኑ ያህል ትልቅ ይሁን። ትዕዛዙ ላይ መጀመሪያ የታመመው፣ ቀጥሎ ባዶው። እኔ አንዴ አገላብጬ ጽፌ ባዶውን በታመመው ላይ ገልብጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስቴ ሳላነብ ኢንተር አልነካም።

ጀማሪዋ፦
በሮቦኮፒ ወጣልኝ! ጽሑፉ ሙሉ ነው። ከፎቶዎቹ 11ዱ አልተገለበጡም፤ ሦስቱ ደግሞ ሲከፈቱ ከመሀላቸው ወደ ታች ግራጫ ሆነዋል። አንዱ ላይ የልጄ ፊት አለ፣ ኬኩ የለም። ለነዚህ ዲዲሬስኪውን ልሞክር?

የሌሊት ወፍ፦
ሞክሪ፤ ግን መጀመሪያ የወጣውን ሌላ ቦታ ላይ አንድ ተጨማሪ ኮፒ አድርጊ። ዲስኩ ጭራሽ መታየት ካቆመ ደግሞ አታስጨንቂው። ነቅለሽ አስቀምጪውና ዳታ ለሚያወጡ ባለሙያዎች አሳዪ።

ባለመፍቻው፦
አሁን ስድቡን እንጀምር?