ባሕር ዳር ላይ እውነተኛ ባንድ የት ይገኛል?

የአባይ ማዶዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከመስከረም ወዲህ «ላይቭ ባንድ» የሚል ፖስተር አምኜ አራት ጊዜ ወጣሁ፤ አራቱንም ጊዜ ተቃጥዬ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ቤት ባንድ የተባለው አንድ ሰው ነው። ኪቦርዱ ላይ ቁልፍ ይጫናል፣ ድራሙም ቤዙም ከዚያው ይወጣል። ሁለተኛው ቤት ጊታር የያዘ ልጅ ሳይ ደስ ብሎኝ ወደ ፊት ተጠጋሁ። ገመዱ አልተሰካም! ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ልጁ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሶሎ ይመታል። ሦስተኛው ቤት ድምፁ ጆሮ ከመብጠሱ የተነሳ ከጓደኛዬ ጋር ያወራነው በስልክ እየተጻጻፍን ነው። አራተኛውን ተዉት፤ ዘፋኙ ብቅ ያለው ከምሽቱ አምስት ተኩል ላይ፣ እኛ ባጃጅ እንዳይጠፋብን ልንወጣ ስንል ነው።

የባህልም ይሁን የዘመናዊ፣ ሰዎች እየተያዩ ሲጫወቱ ማየት ነው የናፈቀኝ። የት ልሂድ? ከመግባቴ በፊትስ በምን ልለይ?

ባለቤዙ

እህቴ፣ የጊታሩን ሳነብ ሳቅሁም አፈርኩም፤ ሙያዬ ነውና። ነገሩ የገንዘብ ነው። አምስት ሰው ቀጥሮ ከመክፈል ኪቦርድና ትራክ፣ ማለትም ቀድሞ የተቀዳ ሙዚቃ፣ ለያዘ አንድ ሰው መክፈል ይረክሳል፤ ፖስተሩ ግን «ባንድ» ማለቱን አልተወም።

በር ላይ ሆነሽ መጀመሪያ ድራም ፈልጊ። ድራም ከሌለ ልብሽን አትጣይ። ካለም ዘፋኙን ተከታተዪው፦ ሞቅ ሲለው አዝማቹን ሦስቴ አራቴ ይደግመዋል፤ ያኔ ቤዙና ድራሙ ዞር ብለው ያዩታል፣ በዓይን ተጠቃቅሰው አብረውት ይመለሳሉ። ትራክ ከሆነ ዘፋኙ ቢያብድም ዘፈኑ በሰዓቱ ያልቃል። እኔ አንድ ቤት ገብቼ ይህን ሁለት ዘፈን አያለሁ፤ ካላየሁ ቢራዬን ጨርሼ እወጣለሁ።

ቀኑም ወሳኝ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ባንዱ የሚጫወተው ሰካራሙ የጠየቀውን ነው። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ቤቱ ጭር ሲል ግን ለራሳቸው ይጫወታሉ፣ ያልተለመደ ነገር ይሞክራሉ። ቀደም ብለሽ ከሄድሽ ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ሲሞክሩ፣ ትደርሻለሽ፤ ከዋናው ዝግጅት የተሻለ ሳውንድ ቼክ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! አንድ ጥሩ ድራመር ካገኘሽ ደግሞ በእረፍቱ «ሌላ የት ትጫወታላችሁ?» ብለሽ ጠይቂው። ቤቶቹ ባለቤት ይቀያይራሉ፣ ጥሩ ድራመር ግን ጥሩ ሰው ይዞ ነው የሚዞረው።

የግሽ አባይ ልጅ

ምን አደከማችሁ፣ አዝማሪ ቤት ሂጂ! አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ አለቀ። ማሲንቆ ያላት ክር አንድ ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ፤ በእሷ ማን ያጭበረብራል? ገና ስትቀመጪ ነጠላሽን አይቶ ይገጥምብሻል። አንቺም «ተቀበል!» ብለሽ ስንኝ ስጪው፣ ወዲያው ተቀብሎ ያወርደዋል። ለሽልማት ዝርዝር ብር ያዢ፣ አለበለዚያ ስሙኒ የማይወጣት ብለው ሲሰድቡሽ ያመሻሉ።

ዝምተኛው

እዚያም ኪቦርድ ገብቷል እኮ።

የግሽ አባይ ልጅ

ሁሉም ቤት አይደለም ወንድሜ። ማይክ የሌለበትን ትንሹን ቤት ፈልግ።

ጋሼ ዋሽንት

ልጆቼ፣ ኪቦርዱን ብቻ አትውቀሱት። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ጭፈራ ገደለው። ዋልያስ ባንድ በፈረንጆች 1981 ከማሕሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር አሜሪካ ሄዶ ከፊሉ እዚያው ቀረ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ከየመድረኩ ወረደ፤ ባዶ ቦታውን ኪቦርድ ሞላው።

አንቺ ልጄ፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ዝግጅት ሲኖር አያምልጥሽ። ዋሽንት ነፊውን እዪልኝ። አንዱ ዋሽንት ቃናው አይለወጥም፣ ስለዚህ ረጅምና አጭር ዋሽንቶች ይዞ ነው የሚመጣው። ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ሲሻገሩ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ።

የጥር ሚዜ

ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ጠብቂ። ጥሩ ጥሩዎቹ ተጫዋቾች ያኔ ሠርግ ላይ ናቸው፣ ክለቡን ለተለማማጅ ትተውለት። የተጠራሽበት ሠርግ ባንድ ካለው በጊዜ ግቢ። ሁዳዴ ከገባ ግን አትልፊ፤ ብዙው ቤት ይቀዘቅዛል፣ አዝማሪ ቤቱም ይዘጋል።

የአባይ ማዶዋ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የዋሽንቱን ነገር ሄጄ አየዋለሁ። ለጊዜው ባለቤዙን ሰምቼ ረቡዕ ማታ ወጣሁ። ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ቤት፣ ከእኛ ጋር አሥራ አንድ ሰው ብንሆን ነው። ድራም አለ፣ ቤዝ አለ፣ አንድ ቀጭን ልጅ ሳክስፎን ይዟል። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ መብራት ጠፋ። በቃ አለቀ ብዬ ቦርሳዬን ሳነሳ ድራመሩ አላቆመም! ቤዙ ሞቷል፣ ማይኩ ሞቷል፤ ሳክስፎኑ በጨለማ ወደ ጠረጴዛችን እየቀረበ መጣ፣ ዘፋኟም ያለ ማይክ ተቀበለችው። አስተናጋጁ ሻማ ይዞ ሲመጣ ቤዝ ተጫዋቹ ወንበር እየደበደበ ነበር። መብራት ሲመጣ ሰው «አጥፉት!» ብሎ ጮኸ።

ድራመሩን ጠይቄዋለሁ፤ የሚቀጥለው ሐሙስ ጊዮርጊስ አካባቢ ሌላ ቤት አሉ። ሁለት ወንበር ይዤ እጠብቃለሁ፣ ማን ይመጣል? ዝምተኛው፣ አንተም ና።