ክርክር፦ የፍርድ ቤቱ የክረምት እረፍት ለማን ነው?

የግሩፑ አስተባባሪ፦ ትናንት ማታ በሰፈራችን ግሩፕ ስለ ውሃ ፈረቃ ጀምረን ወደ ፍርድ ቤት እረፍት ወሬ ገባን። ጉዳዩን ለብቻው ላውጣው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 መደበኛ ችሎት አያስችሉም። አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ በተረኛ ችሎት ይታያል። አንዷ ጎረቤታችን «ሁለት ወር ሙሉ መዝጋት ይቅር» አለች። ጠበቃው ጎረቤታችን ደግሞ «እንዲያውም ያንሳል» አለ። ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ጠበቃም ባለጉዳይም አያጣም፤ ተከራከሩ። ስድብ የለም።

ብሎክ 12፣ ባለጉዳይ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። የውርስ ክርክር ላይ ነኝ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ምስክር ልናሰማ ቀርበን አንዱ ምስክር ቀረ። በቃ፣ ቀጠሮው ጥቅምት ገባ። ወንድሜ እስከዚያው ቤቱን ያከራያል፣ ኪራዩን ይበላል። እረፍቱ ለሱም ተመችቶታል። «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ይባላል። የኔ ግን ጭብጦዋም ሄደች፣ በቅሎዋም ሄደች፣ ፍርዱም አልመጣ።

ብሎክ 7፣ ጠበቃ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን የኔንም ቀን እዪው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ በታክሲ ቃሊቲ፣ ከዚያ ባቡር ከመጣ በባቡር ልደታ ፍርድ ቤት። ቀጠሮው 3 ሰዓት ነው። ለሁሉም ባለጉዳይ 3 ሰዓት ነው! ፋይሌን በብብቴ ይዤ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ። ወንበሯ ላይ አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች፣ ተነሺ አትላት። 5 ሰዓት ተኩል ላይ መዝገቡ ይጠራል። «ዳኛው ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ተለዋጭ ቀጠሮ።» አለቀ። ከሰዓት ሌላ ምድብ ችሎት፣ ያው ነው። መልስና ይግባኝ የምጽፈው ልጆች ከተኙ በኋላ ነው። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ደግሞ በ60 ቀን ነው፤ ደክሞኝ ነበር ብትል ማን ይሰማሃል? ከሳሽን ወክዬ ብቀር መዝገቡ ይዘጋል። ተከሳሽን ወክዬ ብቀር ክርክሩ በሌለበት ይቀጥላል። ጉንፋን እንኳ የሚይዘኝ በቀጠሮ ነው።

ነርሷ፦ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ልንገራችሁ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ ለስትሮክ ያለው ተጋላጭነት በ35 በመቶ ይበልጣል። በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉም በ17 በመቶ። ግፊታችሁን ተለኩ።

ራይድ የሚሠራው፦ 55 ሰዓት? እኔ ሐሙስ ላይ እጨርሰዋለሁ 😂 ለኛም ነሐሴን ይዝጉልን።

ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፦ ሰዎች ዳኛው ሁለት ወር የሚተኛ ይመስላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ችሎት ስትሰማ ውለህ ለፍርድ ያደረው መዝገብ ጠረጴዛህ ላይ ይከመራል። እኔ ያን የማነበው ክረምት ላይ ነበር፣ በጸጥታ። የደከመ ዳኛ ጭብጥ፣ የክርክሩን ዋና ነጥብ፣ ይስታል። የሳተው ጭብጥ ይግባኝ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሰበር ችሎት ድረስ ይሄዳል። ልጄ፣ ያኔ ሁለት ወር ሳይሆን ሁለት ዓመት ነው የምትጠብቂው። ደግሞ ሁሉም አይዘጋም። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ሕገ መንግሥቱ ለክረምት ብሎ አይጠብቅም። ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ጊዜ ቀጠሮ፣ ዋስትና፣ እግድ፣ ይሄ ሁሉ በተረኛ ችሎት ይታያል።

ብሎክ 12፣ ባለጉዳይ፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። እርስዎ ሲያርፉ ግን ደመወዝዎ አልተቋረጠም። የኔ ጠበቃ አርፏል እንዳልል ነሐሴ ላይ ስደውል ውል እያረቀቀ ነበር። ታዲያ እረፍቱ ለማን ነው? እኔ አላረፍኩ፣ እሱ አላረፈ።

ብሎክ 7፣ ጠበቃ፦ መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ እኮ እህቴ። ውል አረቅቃለሁ፣ የማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ እሠራለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለተቀጣሪ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። እኔን ማን ይሰጠኛል? ችሎት ከሌለ ግን ቢያንስ ልጆቼን በቀን አያቸዋለሁ።

ጀማሪ ጠበቃ፣ ብሎክ 20፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ክረምቱን የሙጥኝ ያላችሁት ሌላው አሥር ወር ስለተበላሸ ነው። አዋጅ 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት እንዲሠሩ ፈቅዷል። አንዱ ሲታመም ሌላው ይቀርባል። ስንቱ ተደራጀ? አንጋፋው ደንበኛውን ማካፈል አይፈልግም። እኔ እንደማየው የሚገድለን ሥራው አይደለም። ኮሪደሩ ነው። ለእያንዳንዱ መዝገብ የራሱ ሰዓት ይሰጠው፦ ያንተ 3፣ የሷ 4 ተኩል። ያን ጊዜ ማታ እንተኛለን፣ ነሐሴንም እንደ ነፍስ አድን አንጠብቅም።

ብሎክ 12፣ ባለጉዳይ፦ ስለ ድርጅቱ ግን፣ እኔ ውክልና የሰጠሁት ለሱ ነው። የማላውቀው ልጅ መጥቶ «ፋይሉን አሁን ነው ያየሁት» እንዲለኝ አልፈልግም።

ጀማሪ ጠበቃ፣ ብሎክ 20፦ እሱ በሦስት ሰዓት እንቅልፍ ቢቆምልሽ ይሻልሻል?

ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፦ ሰዓት መስጠት ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ለ4 ተኩል የቀጠርኩት ጠበቃ «ሌላ ችሎት ላይ ነኝ» ብሎ ቢቀርስ? ዳኛው ባዶ ችሎት ላይ ሊቀመጥ ነው።

ብሎክ 7፣ ጠበቃ፦ ሌላ ችሎት ላይ የምሆነው እዚያም 3 ሰዓት ስለተባልኩ ነው ጋሼ። ሰዓቱ ከታወቀ ያለ ምክንያት የቀረውን ወጪ ያስከፍሉት። እኔ እፈርማለሁ።

ብሎክ 12፣ ባለጉዳይ፦ እሺ፣ ልስማማ። ሰዓት ስጡኝና ነሐሴን እለቅላችኋለሁ። መስከረምን ግን አልለቅም።

ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፦ መስከረም እንቁጣጣሽና መስቀል አለበት። ማን ችሎት ይመጣል?

ብሎክ 12፣ ባለጉዳይ፦ እኔ እመጣለሁ ጋሼ። ወንድሜን ግን አስጠሩልኝ።