ባለ 16 ስቴፕ ድራም ሲኩዌንሰር ሠርቼ ምቱ ይንሸራተታል፣ የት ነው ስህተቱ?

ምት ፈላጊ፦
በአርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ) ባለ 16 ስቴፕ፣ ባለ 4 ድምፅ ሲኩዌንሰር፣ ማለትም የከበሮ ድምፆችን ስቴፕ በስቴፕ እየደጋገመ የሚያጫውት መሣሪያ፣ እየሠራሁ ነው። 16ቱን ቁልፎች በሁለት 74ኤችሲ165 (ብዙ ቁልፍ በጥቂት ሽቦ የሚያነብ ቺፕ)፣ 16ቱን ኤልኢዲዎች በሁለት 74ኤችሲ595 (ብዙ መብራት በጥቂት ሽቦ የሚያዝ ቺፕ) አገናኝቻለሁ። የኤልኢዲ ሬዚስተሮቹ 220 ኦም ናቸው። በ120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) እንዲሄድ በየስቴፑ ዲሌይ(125)፣ ማለትም 125 ሚሊሰከንድ ጠብቅ የሚል ትእዛዝ፣ ጽፌያለሁ። ከሌላ መሣሪያ ጋር እኩል ጀምሮ ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ኋላ ይቀራል። ቁልፍ ቶሎ ነክቼ ስለቅ አያነበውም፣ ያልነካሁት ስቴፕ ደግሞ አንዳንዴ ራሱ ይበራል። ባለሙያዎች፣ እርዱኝ።

ሰዓት ጠባቂ፦
የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ችግሮች ከዚያች ከዲሌይ መስመር የሚመጡ ናቸው። ዲሌይ እየጠበቀ ሳለ ቁልፍ የሚያነብ የለም፤ በ125 ሚሊሰከንድ ውስጥ ተነክቶ የተለቀቀ ቁልፍ እንዳልተነካ ነው። ቁልፍ ማንበቡና መብራት ማብራቱ የሚወስደው ጊዜ ደግሞ በ125ቱ ላይ ይደመራል። በየስቴፑ 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢጨምር፣ በደቂቃ 480 ስቴፕ (120 ምት፣ በየምቱ 4 ስቴፕ) ስላለ ግማሽ ሰከንድ ያህል፣ ማለትም አንድ ሙሉ ምት ትዘገያለህ።

ዲሌይን አውጣው። በየሉፑ (ኮዱ በተደጋገመ ቁጥር) «ማይክሮስ ሲቀነስ መጨረሻ» 125000 መድረሱን ጠይቅ፤ ማይክሮስ ሰሌዳው ከበራ ያለፈው ጊዜ በማይክሮሰከንድ ነው፣ «መጨረሻ» ደግሞ ያለፈው ስቴፕ ሰዓት የሚያዝበት ተለዋዋጭ ነው፤ ሲደርስ ስቴፑን አጫውትና በ«መጨረሻ» ዋጋ ላይ 125000 ደምር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «መጨረሻ = ማይክሮስ» ብሎ ይጽፋል፤ ያኔ መዘግየቱ ተመልሶ ይጠራቀማል። ተለዋዋጩ አንሳይንድ ሎንግ (አሉታዊ የማይሆን ትልቅ ሙሉ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ይሁን፤ ማይክሮስ በ70 ደቂቃ ገደማ ወደ ዜሮ ቢመለስም መቀነሱ ትክክለኛውን ውጤት ይሰጣል።

ብየዳ፦
ራሱ የሚበራው ስቴፕ የኮድ ጉዳይ አይመስለኝም። 165 በውስጡ ፑልአፕ (ቁልፉ ሳይነካ መግቢያውን 5 ቮልት ላይ የሚያቆይ ሬዚስተር) የለውም። እያንዳንዱን መግቢያ በ10 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት አስረው፣ ቁልፉ ወደ ግራውንድ ይሂድ፤ ሲጫን 0 ይነበባል። የ165ቱ እግር 15ም (የሰዓት ምልክቱን የሚያግደው መግቢያ) ግራውንድ ላይ መሆኑን አረጋግጥ። በየቺፑ እግር 16 እና 8 አጠገብ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርግ።

220 ኦሙን ግን ዛሬውኑ ቀይረው! ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ አንዱ ወደ 13.6፣ ስምንቱ ወደ 109 ሚሊአምፔር ይስባሉ። የ595 ጠቅላላ ገደብ 70 ነው። በ1 ኪሎ ኦም ስምንቱም አንድ ላይ 24 ብቻ ነው፣ ብርሃኑም ይበቃል።

ምት ፈላጊ፦
አመሰግናለሁ፣ ምቱ ተስተካክሏል፣ ራሱ የሚበራውም ቀርቷል። አሁን ግን አንዴ ስጫን ሦስቴ ይቆጥራል።

ሰዓት ጠባቂ፦
ይህ ድሮም ነበረ፤ ዲሌዩ ሸፍኖት ነው። የቁልፉ ብረት ሲነካካ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራል፣ ፈጣኑ ሉፕ ደግሞ እያንዳንዱን ንጥረት ያየዋል። በየ5 ሚሊሰከንዱ አንብብ፤ አራት ንባብ በተከታታይ አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ተቀበል። ስቴፑን የምትቀይረውም ካልተጫነ ወደ ተጫነ በተሻገረበት ቅጽበት ብቻ ይሁን፤ አለዚያ ጣትህን ስታቆይ ይበራል ይጠፋል።

ብየዳ፦
ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች ኖት የሚላላኩበት ቋንቋ) ስታወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 31250 ቢት ነው። ድራም ቻናል 10 ላይ ነው፣ ኮድ ውስጥ ግን ከ0 ስለሚቆጠር 9 ይሆናል፤ የኖት ማስጀመሪያው ባይት 153። ኪክ 36፣ ስኔር 38፣ ዝግ ሃይ ሃት 42። አንድ ኖት ለመላክ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ ኪኩን አስቀድመህ ላክ። ለሙከራ የጻፍካቸውን ሲሪያል ፕሪንቶችም (ወደ ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚልኩ ትእዛዞች) አጥፋ፤ ኡኖ ላይ ጽሑፉ በዚያው በእግር 1 ይወጣና ተቀባዩን ያደናግራል።